ዘበኛው እና የቀማሹ ምላስ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሴንት ካሲሚር ቺዝ ፋብሪካ ሱቅ ወረፋው እስከ በሩ ይደርሳል። ሰው የሚመጣው በዚያው ጠዋት ለወጣው ትኩስ ቺዝ ነው፤ ጥርስ መሐል ሲገባ ሲጥ ሲጥ የሚለው፣ ካደረ ግን ድምፁ የሚጠፋው። ያን ዕለት ከወረፋው ፊት የቆሙት ወይዘሮ ኢርማ ጋሊንስኪ ነበሩ። በክረምቱ ግማሽ ጎናቸውን ታመው፣ እጅና እግራቸው ቀስ በቀስ ሲመለስ የምግብ ጣዕም ግን አልተመለሰላቸውም።

"ያገኘሽውን ስጪኝ፣ ልጄ" አሏት ሻጯን። "ለኔ ሁሉም ካርቶን ካርቶን ነው የሚለኝ።"

ሻጯ ቢላዋዋን ስታነሣ ከኋላ ካለው ክፍል ነጭ ጋውን የለበሰ፣ ጢሙ የሸበተ፣ ትከሻው የበሩን መቃን የሚሞላ ሰው ወጣ። መጋዘን ውስጥ ስድስት ዓመት ከተኛው ቼዳር ቺዝ ላይ ስስ አድርጎ ቆረጠ። ቁራጩን ግን አልሰጣቸውም፤ መዳፉ ውስጥ ጨበጠውና ባንኮኒውን ተደገፈ።

"ውሻዎ እንዴት ነው?" አላቸው።

"ወፍሯል። እኔ የተውኩትን ሁሉ እሱ ይበላልኛል።"

"እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ መክሳቱ ነው።"

እንዲህ እያወራ አንድ ሁለት ደቂቃ አቆያቸው። ቺዙ በመዳፉ ሙቀት ለስልሶ ማላብ ሲጀምር እጁን ዘረጋ። "ቶሎ አያኝኩት። ምላስዎ ላይ ያስቀምጡና አፍዎን ዘግተው በአፍንጫዎ ቀስ ብለው ወደ ውጭ ይተንፍሱ።"

ወይዘሮ ኢርማ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከወረፋው ማንም አልተነጫነጨም። ከቆይታ በኋላ "ለውዝ" አሉ። "ለውዝ ነው እንዴ?"

"ለውዝ ነው።"

"ከኋላው ደግሞ ትንሽ የተጠበሰ ሽንኩርት አለ።"

"እሱንስ እኔም አልደረስኩበትም ነበር" አለ ሰውየው፤ ሩብ ኪሎ ያህል በእጁ ጠቅልሎ ሰጣቸውና ወደመጣበት ተመለሰ።

ይህን የሚጽፈው ሰው ከወረፋው ሦስተኛ ነበር። ጋውን የለበሰውን ሰው፣ ድዌይን ኩቢያክን፣ ለብዙ ዓመት በቤተ ክርስቲያን ያውቀዋል፤ ከእርሱ ሁለት ወንበር ፊት ነው የሚቀመጠው። ታሪኩን በሙሉ የሰማው ግን ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ከራሱ ከድዌይን አፍ ነው። ጣዕም ማጣት ምን እንደሆነና በምን መንገድ እንደሚመለስ ድዌይን ያወቀው በራሱ ላይ ደርሶ ነው።

ድዌይን የቺዝ ቀማሽ ነው። ይህ በአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ግዛት ቀልድ አይደለም፤ ፈተና ተፈትነው ከመንግሥት ፈቃድ የሚቀበሉበት ሙያ ነው። ማለዳ ቀዝቃዛው መጋዘን ይገባል። ሃያ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረውን ብሎክ ቱቦ በመሰለ ስል ብረት ይወጋና እንደ ጣት ያለ ቁራጭ ያወጣል። መጀመሪያ ከአፍንጫው ሥር ያሳልፈዋል። ቀጥሎ ጎንበስ እስኪል ያጥፈዋል፤ በአውራ ጣቱ ያሸዋል። በመጨረሻ ይቀምስና ይተፋዋል። ከዚያ መዝገቡ ላይ አንድ ቃል ይጽፋል። "ይተኛ" ካለ ያ ምርት በሙሉ ሁለት ዓመት ይተኛል። "ይሂድ" ካለ በሳምንቱ ለሳንድዊች ተቆራርጦ ይሸጣል። ለፋብሪካው ወተት የሚያቀርበው ሠላሳ አንድ ቤተሰብ ላሞቹን የሚያልበው በዚያ አንድ ቃል ላይ ተማምኖ ነው።

ይህ ሰው ሃያ ስድስት ዓመት ጠጥቷል። ብራንዲ ነበር የሚወደው፤ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ከስኳርና ከብርቱካን ጋር አዋህዶ፤ በኋላ በኋላ ስኳሩም ብርቱካኑም ቀርቶ። አንድ ኩራት ነበረችው፤ ጠዋት ከመቅመሱ በፊት ጠብታ በአፉ አይዞርም። "ምላሴን አላረክስም" ይል ነበር። ምላሱን ሳያረክስ ቤቱን ሲያረክስ መኖሩን ያየችው ሚስቱ ካርላ ብቻ ናት። ሥራው የሚያልቀው በስምንት ሰዓት ነው፤ ከስምንት ሰዓት በኋላ ያለውን ሰውዬ ፋብሪካው አያውቀውም ነበር።

አንድ የየካቲት ቀን፣ በረዶው መቅለጥ በጀመረበት ከሰዓት በኋላ፣ ያ ሰውዬ ራሱን ከፋብሪካው ጋር አስተዋወቀ። የረሳውን ጓንት ሊወስድ በፒካፑ ሲመለስ የአጓቱን ማጠራቀሚያ ክፍል ግድግዳ ደርምሶ ገባ። በእግዚአብሔር ቸርነት በውስጡ ሰው አልነበረም። አጓቱ ግን እስከ ዋናው መንገድ ፈሰሰ፤ የሰፈሩ ድመቶች ሦስት ቀን ሙሉ ከዚያ አልተነሡም።

ሥራ አስኪያጇ ጃኒስ አባቷን ተክታ ፋብሪካውን የያዘች ሴት ናት፤ ድዌይን ሕፃን ሆና ያውቃታል። በማግስቱ ቢሮዋ ጠራችው።

"ግድግዳውን አሠራዋለሁ" አለችው። "አንተን ግን እኔ ላሠራህ አልችልም። ወይ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለህ፣ ወይ ብረቱን ታስረክበኛለህ።"

ብረቱ ማለት ያ መውጊያው ነው፤ ከእርሱ በፊት ከነበረው ቀማሽ የወረሰው። ድዌይን ሐኪሙን መረጠ።

መጀመሪያ ሆስፒታል አምስት ቀን ተኛ። እንዲህ ረጅም ዓመት የጠጣ ሰው በአንድ ቀን ቆርጦ ቢያቆም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥና ሊወድቅ ስለሚችል ያን ጊዜ በሐኪም ዓይን ሥር ማለፉ ደግ ነው። ሲወጣ ዶክተር ሊንድግሬን ተቀበሉት። ስልሳ ዓመት የሞላቸው፣ ከከተማው ዳር በግ የሚያረቡ፣ ቃል የማያባክኑ ሴት ናቸው። ዳይሰልፊራም የሚባል ክኒን አዘዙለት።

"ይህን እየወሰድክ አልኮል በምንም መልኩ ወደ ሰውነትህ ከገባ" አሉት፣ "ፊትህ ይቀላል፣ ልብህ ይደልቃል፣ ታስመልሳለህ፣ ከባሰም ሞት አለበት። አፍ መጉመጥመጫ አይሆንም። ከተላጨህ በኋላ የምትቀባው ሽቶም አይሆንም። የሳል ሽሮፕም ላዩ ላይ የተጻፈውን ሳታነብ እንዳትገዛ።"

"ዘበኛ ነው በሉኛ።"

"ዱላ የያዘ ዘበኛ ነው። አይቶ አይምርም።"

ክኒኑ በዚያው ስሙ ወጣለት፤ ዘበኛው ሆነ። በየጠዋቱ ካርላ በውሃ በጥብጣ ትሰጠዋለች፤ ጨርሶ ብርጭቆውን እስኪያስቀምጥ ከፊቱ ትቆማለች። በመጀመሪያው ሳምንት ይህ አዋረደው። በሁለተኛው ሳምንት ግን አንድ ነገር አስተዋለ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ "ልጠጣ? አልጠጣ?" ሲል የኖረው ሙግት ጸጥ ብሏል። ጥያቄው በየጠዋቱ አንዴ መልስ ያገኝና ያበቃል። ከሰዓት በኋላ ለካ ሰማዩን ማየት ይቻላል።

ዘበኛው ዱላውን ያነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ። በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ፣ እንደ ካቶሊኮቹ ልማድ፣ ደብሩ በሙሉ ዓሣ ይበላል። የሚጠብሰው የካርላ ወንድም ቶኒ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ከዚያ መጥበሻ ፊት ተነሥቶ አያውቅም። ድዌይን አራት ቁራጭ በላ። አምስተኛውን ሲያነሣ አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ ጀምሮ እንደ ቀይ ሥር ቀላ፤ ልቡ ጆሮው ውስጥ ይመታ ጀመር።

"ምን ጠጣህ?" አለችው ካርላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ሎሚናት።"

"ድዌይን።"

"ሎሚናት ነው አልኩሽ፤ አሽትቺው።"

የደብሩ ካህን አባ ስታን ብርጭቆውን አንሥተው አሸተቱና "ሎሚናት ነው" ብለው መሰከሩ። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው ግን እርስ በርሱ መተያየት ጀምሯል። ይኼኔ ቶኒ ማማሰያውን እንደያዘ መጣ።

"የዓሣው ሊጥ ይሆን እንዴ?" አለ።

"ሊጡን በምን ለወስከው?"

"እንደ ሁልጊዜው ነዋ። በቢራ።"

ካርላ ወደ ወንድሟ ዞረች። "ይሄ ሰውዬ ጠብታ መቅመስ እንደሌለበት እያወቅህ?"

"ካርላ፣ እሱ እኮ ቢራ አይደለም። ዓሣ ነው።"

በቅንነት ነው የተናገረው። በዚያ አገር ሊጥ ውስጥ የገባ ቢራ ቢራ መሆኑን የሚያስብ ሰው የለም፤ ዱቄት ነው፣ ጨው ነው፣ ቢራ ነው። ድዌይንን ይዘውት ሐኪም ቤት ሄዱ። ሁለት ሰዓት ተኝቶ ልቡ ረጋለት። ከዚያች ዓርብ ወዲህ ቶኒ ከትልቁ መጥበሻ ጎን አንዲት ትንሽ መጥበሻ ጥዷል፤ ሊጧ እንደ አምቦ ውሃ ባለ ጋዝ ውሃ ይለወሳል። አባ ስታንም እሑድ እሑድ ሳይጠየቁ ወይኑን ትተው ኅብስቱን ብቻ ያቀብሉታል። ይህን ሁሉ ማንም ስብሰባ ጠርቶ አልወሰነውም።

ስለዚህ ዘበኛው ሥራውን ሠርቷል። ችግሩ የመጣው በሌላ በኩል ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ድዌይን አፉ ውስጥ ሳንቲም ያለ መሰለው። ቡናው ሳንቲም ሳንቲም ይላል፤ ዳቦው ሳንቲም ሳንቲም ይላል። ከሥሩ ደግሞ እርሱ ያልበላው ነጭ ሽንኩርት ይነሣል። መድኃኒቱ ይህን እንደሚያደርግ ከሐኪም ቤት በተሰጠው ወረቀት ላይ ተጽፏል። በብዙ ሰው ላይ በጥቂት ሳምንት ያልፋል ይላል። እርሱ ላይ አላለፈም። ፋሲካ ሆነ፤ ግንቦትም ገባ።

እዚህ ላይ ድዌይን የሠራው ስሕተት የኩሩ ሰው ስሕተት ነው። ለዶክተር ሊንድግሬን ቢነግራቸው ዘበኛውን ይወስዱበታል፤ ያለ ዘበኛው ደግሞ ለራሱ አንድ ሳምንት ዋስ አይሆንም። ለጃኒስ ቢነግራት ብረቱን ትወስድበታለች። ያለ ብረቱስ ምንድን ነው? ትከሻው ሰፊ የሆነ ሽማግሌ ነው። ስለዚህ ለማንም አልተናገረም። በዓይኑ፣ በጣቱና ከነጭ ሽንኩርቱ በተረፈው አፍንጫው እየሠራ፣ ቁራጩን እንደ ወትሮው አፉ ውስጥ ያስገባል፣ ጥቂት ያስባል፣ ይተፋል፣ ይጽፋል። ሠላሳ ዓመት የሠራበት እጅ ብዙ ያውቃል። ሁሉን ግን አያውቅም።

ግሎሪያ ያንኬ በማሸጊያው ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች፣ አፏ ስል የሆነ ሴት ናት። በሰኔ አጋማሽ ላይ ከተሰበረ ብሎክ ላይ ፍርፋሪ አንሥታ አፏ ውስጥ ጣል አደረገችና መጋዘኑ ድረስ ሄደች።

"ድዌይን፣ የግንቦት ዘጠኙን ምርት ምን ብለህ ጻፍከው?"

"ይተኛ።"

"ሁለት ዓመት?"

"ሁለት ዓመት። ምን ሆነ?"

"መራራ ነው።"

"አንቺ ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው ቀማሽ የሆንሽው?"

"ቀማሽ አይደለሁም፤ ምላስ ግን አለኝ። ሁለት ዓመት ቢተኛ የበለጠ ይመራል እንጂ አይጣፍጥም።" ቀና ብላ አየችው። "አንተ ይሄን ሳታውቀው ቀርተህ ነው?"

ድዌይን ቁራጭ አወጣ። ቀመሰ። ሳንቲም። እንደገና ቀመሰ። ሳንቲም። ግሎሪያ ፊቱን አይታ አፏን ዘጋች፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትዘጋ ያየ ሰው አልነበረም።

ያን ዕለት ምሳ ላይ ድዌይን ለካርላ ነገራት። ያቀረበላት ሐሳብ በእርሱ ቤት በጣም ብልህ ነበር።

"ሁለት ሳምንት ብቻ ልተወው። ምላሴ ይጠራል፤ ከዚያ እመለስበታለሁ።"

"ለማን ነው ይሄን የምትነግረው?"

"ለአንቺ ነዋ።"

"እኔ እኮ ሃያ ስድስት ዓመት 'ሁለት ሳምንት ብቻ' ስባል የኖርኩ ሴት ነኝ።"

"ሥራዬን ላጣ ነው፣ ካርላ። ሌላ ምን አውቃለሁ?"

ካርላ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋች። እርስዋም ፈርታለች፤ የቤቱ ዕዳም የልጆቹም ነገር አልነበረም ያስፈራት፤ ይህ ሰው ብረቱን ካስረከበ ከስምንት ሰዓት በኋላ ያለው ሰውዬ ጠዋትም እንደሚመጣ ታውቃለች። "ይሄን ለሐኪሟ ንገራቸው" አለችው። "ክኒኑን የጻፉት እሳቸው ናቸው። እኔ ውሃ አቀባይ ነኝ።"

በማግስቱ ሁለቱንም በር አንኳኳ። መጀመሪያ ጃኒስን። የግንቦት ዘጠኙን ምርት ነገራት፤ ምላሱን ነገራት፤ ብረቱን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። ጃኒስ የቅምሻ መዝገቡን ከፈተች።

"ሌሎቹስ?" አለች። "ከመጋቢት ወዲህ የጻፍካቸው?"

"ሁሉም እንደገና መቀመስ አለባቸው። በሌላ ሰው።"

"በማን?"

"በግሎሪያ። እኔ አጠገቧ ልቁም።"

ጃኒስ ብረቱን ወደ እርሱ ገፋችለት። "እንግዲያው ቀማሿ እሷ ትሁን፤ አንተ አስተምራት። ወደ ሐኪምህ ደግሞ ዛሬውኑ ሂድ።"

ዶክተር ሊንድግሬን ሁሉን ሰምተው መነጽራቸውን አወለቁ። "ለምን እስካሁን አልነገርከኝም?"

"ዘበኛውን ይወስዱብኛል ብዬ።"

"ካልነገርከኝ በምን ላውቅ ነው? በጎቼ እንኳ ሲታመሙ ቢያንስ ያነክሳሉ።" ደሙን አስመረመሩ፤ ጉበቱ ደህና ነበር። ናልትሬክሶን የሚባል ሌላ ክኒን ጻፉለት።

"ይሄኛው አይማታም" አሉት።

"ታዲያ ምን ይሠራል?"

"ዝም ይላል። መጠጥ አንጎልህ ውስጥ የሚከፍተውን የደስታ በር ዘግቶ ይቆማል። ፍላጎቱም ቀስ በቀስ ይደክማል።"

"ብጠጣ አያመኝም?"

"አያምህም።"

"ይሄ አላማረኝም።"

"አውቃለሁ። አሁን የሚያስፈልግህን ስማ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያቅለሸልሽሃል፤ ራስህንም ሊያምህ ይችላል። በባዶ ሆድ አትውሰደው። ይህችን ካርድ ኪስህ ውስጥ ያዝ። እግርህ ቢሰበር፣ እንደ ሞርፊን ያለው ብርቱ የሕመም ማስታገሻ አንተ ላይ አይሠራም፤ ሐኪሞቹ አስቀድመው ማወቅ አለባቸው። አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ። ዘበኛውን ዛሬ ብናሰናብተውም እስከ ሁለት ሳምንት ከደጅህ አይርቅም። 'ትቼዋለሁ' ብለህ እንዳትደፍር።"

አዲሱ ክኒን ስሙ ዝምተኛው ሆነ። ዝም ያለው ግን ለመጠጡ እንጂ ለጨጓራው አልነበረም። የቺዝ ፋብሪካ በአጓት ሽታ የተሞላ ነው፤ ድዌይን ሠላሳ ዓመት ሸትቶት የማያውቀው አጓት በሁለተኛው ቀን ከመኪና ማቆሚያው ጀምሮ አጥወለወለው። በአራተኛው ቀን ከመጋዘኑ ወጥቶ ግድግዳው ሥር አስመለሰ፤ ያው የደረመሰው ግድግዳ፣ አሁን ታድሷል። ግሎሪያ እርጥብ ፎጣ ይዛ ወጣች።

"መንታ ነው ይባላል እንዲህ ሲያስጠላ" አለችው።

"ተይኝ፣ ግሎሪያ።"

"ስም አውጥተህለታል?"

እየሳቀ አስመለሰ። ካርላ ደግሞ ከክኒኑ በፊት ሁለት እንቁላልና ወፍራም ዳቦ ካልበላ አትሰጠውም። በዘጠነኛው ቀን ቀለል አለው፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አጓቱ እንደ ድሮው የማይሸት ሆነ። ብዙ ሰው ግን በአራተኛው ቀን ይተወዋል፤ ድዌይን ይህን ለሚሰማው ሁሉ ይናገራል።

በእነዚህ ቀናት ሁለቱ አንድ ቀማሽ ሆነው ሠሩ። እርሱ ይወጋል፣ ያጥፋል፣ ያሻል፤ እርስዋ ትቀምሳለች።

"ምን ይላል?"

"ቺዝ ይላል።"

"ቺዝ መሆኑንማ አውቃለሁ። ሌላ ምን?"

"አባቴ የበጋ ድርቆሽ የሚከምርበትን ጎተራ።"

"ደረቅ ድርቆሽ ነው እርጥብ?"

"እርጥብ።"

"ይሂድ በይ። እርጥብ ድርቆሽ ያለው አይተኛም።"

ሴትየዋ ቃል የሚሰጣት ሰው ስታገኝ ምላስዋ ተፈታ። አሁን እርስዋም ፈቃድ አላት፤ ፈተናውን በመጀመሪያው ሙከራ ነው ያለፈችው። ያ የግንቦት ዘጠኝ ምርት ቀልጦ ለሌላ ሥራ ሲሸጥ አንድ ብሎክ አስቀርታለች። "ይሄ ያንተ መለኪያ ነው" አለችው። ያን ሰሞን ድዌይን በየጠዋቱ መጀመሪያ ከእርሱ ላይ ይቀምሳል። መራራ መሆኑን ያውቃል። የሚጠብቀው ምላሱ ይህን እንዲነግረው ነው።

ዝምተኛውን በጀመረ በአሥራ ሰባተኛው ጠዋት ከምላሱ ሥር አንድ ነገር ተነሣ። የብርቱካን ልጣጭ ነጩን ክፍል ያኘከ ይመስል ጉንጩን ሰበሰበው። ቁራጩን ሳይተፋ ሌላ አወጣ።

"ግሎሪያ" አለ፣ "ይሄ ነገር አስቀያሚ ነው።"

"ስንት ሳምንት ሙሉ ምን ስልህ ነበር?"

"በጣም አስቀያሚ ነው። በሕይወቴ እንዲህ አስቀያሚ ቀምሼ አላውቅም።" ዓይኑ እንባ ሞልቶ ይስቃል። ያን ጠዋት መጀመሪያ የቀመሰው የገዛ ስሕተቱን ነው፤ እንዲህ የጣፈጠው ነገር አልነበረም። መጋዘኑ ጥግ ሄዶ ኮፍያውን አወለቀና አጭር ምስጋና አደረሰ።

ኮፍያውን መልሶ ሲያደርግ ነው የገባው። ሁለት ሳምንቱ አልፏል። ሳንቲሙ ከአፉ ከወጣ ዘበኛውም ከደጁ ሄዷል ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ቢጠጣ ማንም አይመታውም።

በስምንት ሰዓት ቀጥታ ወደ ቤቱ ነዳ። ካርላ ፊቱን አይታ "መጣ?" አለችው፤ ምላሱን ማለትዋ ነው።

"መጣ። ዘበኛውም ሄደ።"

ካርላ ቢላዋውን ሰጠችው። "እንግዲያው ራት የምትሠራው አንተ ነህ" አለች። "ምላስ ያለው ሰው ጨው ይመጥን።" ሽንኩርት ከተፈ። ያ ከሰዓት በኋላ እንዲሁ አለፈ፤ ቀጣዩም፤ ከዚያ በኋላ ያሉትም።

አልወደቀም ብሎ መጻፍ ውሸት ይሆናል። በነሐሴ የወንድሙ ልጅ ስታገባ፣ አኮርዲዮኑ ደምቆ፣ አንድ ዘመድ ብራንዲ በብርቱካን እጁ ላይ አኖረለት። ጠጣው። ሁለተኛውንም ጠጣ። ከዚያ ሰዓቱን አየ። መጠጡ ጉሮሮውን አቃጥሎ ወርዷል፤ የሚጠብቀው ነገር ግን አልመጣም። አንድ ሰው ቀልድ ነግሮ ሰው ሁሉ ዝም ያለው ዓይነት ነገር ሆነበት። ሦስተኛውን ሳይነካ ካርላን ከጨፋሪዎቹ መሐል ጠራት።

"ጠጥቻለሁ።"

"ስንት?"

"ሁለት። ሦስተኛው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ደበረኝ።"

ካርላ ቃሉን ደጋግማ አስባዋለች። ሃያ ስድስት ዓመት ያ ሰው ብዙ ነገር ደብሮታል፤ ብራንዲ ግን ደብሮት አያውቅም። መኪናውን እርስዋ ነዳች። ሰኞ ዕለት ለዶክተር ሊንድግሬን ራሱ ነገራቸው፤ አልተቆጡትም፤ ቀኑን ጻፉና "ነገ ጠዋትም ውሰደው" አሉት። ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አልፏል፤ ሌላ ብርጭቆ አልተጨመረም። ለሐኪም ጥበብን የሰጠ አምላክ፣ ለጨጓራ የሚከብደውን ክኒን ለነፍስ መቅለያ ሊያደርገው ይችላል፤ ይህን ከሁለት ወንበር ኋላ ሆኖ ያየ ሰው ይመሰክራል።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ድዌይን ይህን የሚጽፈውን ሰው መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቀው። ኅዳር ገብቷል፤ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አጋዘን አደን ነው። ወንድሞቹ ሬይና ሊዮን በሰሜን ጫካ ጎጆ አላቸው፤ አባታቸው የሠራው። ዘጠኙን የአደን ቀን በሙሉ እዚያ ይከርማሉ። ድዌይን ከታከመ ጀምሮ አልሄደም፤ ዘንድሮ ሬይ ስልሳ ዓመቱ ነው፣ ደውሎለታል።

"ዶክተሯ ሂድ ብለውኛል" አለ ድዌይን። "ራሴንም አልፈራም። ግን እነሱ ከቁርስ ጀምረው ነው የሚጠጡት፤ ካርላ ደግሞ ጎጆው አትመጣም። ጠዋት እንቁላሌን በልቼ ክኒኔን ስውጥ ከፊቴ የሚቆም አንድ ጤነኛ ሰው እፈልጋለሁ። አንተ አትጠጣም፤ አትተኩስም፤ ብዙም አታወራም።"

"ይሄ ምስጋና ነው ስድብ?"

"ሁለቱም ነው።" ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ። "ቅዳሜ ጠዋት ነው የምንነሣው። ድንች መላጥ ከቻልክ ይበቃል። ዘጠኙን ቀን አብረኸኝ ትሰነብትልኛለህ?"